ዘመድ ላማክር

በዚያ ቀን ቤታችን የነበርነው እንዲህ ነው። እኔ አለሁ። ልጄ አለች፤ የተሰበሰብነውም ለእሷ ነው። የባለቤቴ አጎት ከይፋግ ለገበያ መጥተው ጎራ ብለዋል። ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችን የአዲስ አበባ ልጅ፣ የወረዳ ሠራተኛዋ፣ አለች። ባለሱቋ ጎረቤቴም ሱቋን ዘግታ መጥታለች። ባለቤቴ አልነበረም፤ ሩዝ አረም ላይ ነበር። ቢኖርም ዝም ነው የሚለው፤ ስለዚህ እንዳለ ቁጠሩት።

ነገሩ ይህ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምግብ ሳይንስ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ቤት ተቀምጣ ነበር። ምግብ ነው የተማረችው ሲሉኝ፣ ከእንግዲህ ወጥ ከእሷ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ወጡ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ታስረዳኛለች እንጂ ማቅጠኗን አልተወችም። ጓደኞቿ አንድ በአንድ አዲስ አበባ ገቡ። እሷም «እማ፣ እስከ መስቀል ሥራ ካላገኘሁ እኔም እሄዳለሁ» አለችኝ። ከማን ጋር ቤት እንደምትጋራ ሳይቀር ተነጋግረው ጨርሰዋል። አዲስ አበባ ዛሬ ቅርብ ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ልጄ መታመሟን በስልክ የምሰማበት አገር ሁሉ ሩቅ ነው።

በዚህ መሀል ከወረታ ዳር ያለ አንድ የሩዝ ማቀነባበሪያ ጥራት ተቆጣጣሪ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው። ልጄ የጽሑፉን ፈተና አልፋ ለቃል ፈተና ተጠራች። ቦታው ከቤታችን ቅርብ ነው፤ ወጥ ጥጄ ሄጄ ሳያር እመለሳለሁ። እኔ የፈለግሁትም ይህንን ነው። ልጄ ሥራ እንድታገኝ፣ ሥራውም ወጥ ሳያር ደርሼ የምመለስበት ቦታ እንዲሆን።

እኔ ደግሞ ፍርሃቴ ከሰው ይለያል። ልጄ ስልኩን ሳትዘጋ የምትለብሰውን ቀሚስ አጥቤ አሰጣሁት። ፈተናው ገና ሳምንት ይቀረዋል። ነሐሴ ስለነበር ቀሚሱ እስከ ፈተናው ድረስም በቅጡ አልደረቀም።

ተከራያችን አጽናናችኝ። «እትዬ፣ ኢንተርቪው ላይ የሚጠየቀው የታወቀ ነው። መልሱን ቀድሞ መለማመድ ነው።»

«አንቺ በምን አወቅሽው?»

«ብዙ ጊዜ ወድቄበት።»

ከዚህ የበለጠ አስተማሪ አይገኝም ብዬ ለገበያው ቀን ቀጠርኳት፤ ቆሎም ቆላሁ። የባለቤቴ አጎት ግን ሳይጠሩ ነው የደረሱት። እኛ አያ ነው የምንላቸው፤ በይፋግ ዙሪያ የታወቁ የጋብቻ ሽማግሌ ናቸው። ልጅ ለመጠየቅም ይሁን ልጅ ሲጠየቅ ለመመለስ፣ እሳቸው ያልተቀመጡበት ምርቃት የለም። ስለ ፈተናው ስነግራቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉና «ጠያቂ አለ፤ የምትጠየቅ ልጅ አለች፤ እሺ ወይም እምቢ አለ። ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ተከራያችን ወንበሩን ያዘች። ልጄን ወደ ውጭ አስወጣችና በር አንኳኩታ እንድትገባ አዘዘቻት። ልጄ የገዛ ቤቷን በር አንኳኳች። ጎረቤቴ «ማነው?» ብላ ልትከፍት ተነሣች።

ልጄ ገብታ «ደህና ዋላችሁ» አለች።

«አጎንብሺ እንጂ!» አሉ አያ። «ሰው ፊት እንደ ባላ ተገትሮ ሰላምታ አለ?»

«አያ፣ እዚያ ጉልበት አይሳምም» አለች ተከራያችን።

«ታዲያ ጨዋ መሆኗን በምን ያውቃሉ?»

«በጥያቄው ነው የሚያውቁት።» ከዚያ ድምፅዋን አወፈረችና ወደ ልጄ ዞረች። «እሺ። እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪን።»

ልጄ አፏን ስትከፍት አያ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ቆይ፣ ቆይ። እሷ ናት የምትናገር?»

«አዎ፣ አያ።»

«ስለ ራሷ?»

«ስለ ራሷ።»

«ወገን የላትም? ራሱን የሚያወድስ ሰው ምን ሰው ይባላል! በሉ እኔ ልናገርላት።» ተናገሩላትም። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ እያሉ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ቆሎው ሊያልቅ ደረሰ። ተከራያችን በትዕግሥት ጠብቃ «አያ፣ የሩዝ ጥራት እንድትቆጣጠር እኮ ነው የሚፈልጓት፤ ዘር አይጠይቁም» አለቻቸው።

«ሩዝም ዘሩ ተጠይቆ ነው የሚዘራ» አሉ አያ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። እዚህ ላይ እኔም ከአያ ወገን ሆንሁ። ብርቱ ነኝ፣ ጎበዝ ነኝ ማለት ራስን ለዓይን አሳልፎ መስጠት ነው። የፎገራን ገበሬ ጎተራው እስከ አፉ ሞልቶ «ሩዙ እንዴት ነው ዘንድሮ?» ብትሉት «ተመስገን፣ ለጉሮሮ አይጠፋም» ነው የሚላችሁ። ላሞቹን ቆጥሮ የሚነግራችሁ ካለም ሊሸጣቸው ነው። ስለዚህ ልጄ «ተመስገን፣ አይጠፋም» ብላ ትለፍ አልኩ።

ተከራያችን ግንባሯን ያዘች። «እትዬ፣ ካልተናገረች ጉብዝናዋን በምን ያውቁታል?»

«ያዩታል።»

«ሳይቀጥሯት?»

«ቀጥረው ይዩዋ!»

«ደካማ ጎንሽስ?» ሲባል ግን ቤቱ ሞቀ። ብርታቷን ለመናገር የፈራን ሁሉ አፋችን ተከፈተ።

«እንቅልፍ» አልኩ እኔ።

«ስልክ» አለች ጎረቤቴ። «ወላሂ፣ ስኳር ልትገዛ መጥታ ስልኳን እያየች ስኳሩን ትታልኝ ሄዳለች። እኔ ነኝ ተከትዬ ያመጣሁት።»

«ወጥ ታቀጥናለች» አልኩ ደግሞ።

«ቁጡ ናት» አሉ አያ። «ይህ ይነገር። እኔ ልጅ ስድር ትንሽ ቁጡ ናት ሳልል አልድርም። ኋላ አልነገራችሁንም እንዳይሉ።»

«እኔ ቁጡ አይደለሁም!» ብላ ልጄ ጮኸች።

«ይኸው» አሉ አያ።

ተከራያችን እጇን አነሣች። «ኧረ በእናታችሁ! እንዲህ አይባልም። ደካማ ጎን ሲጠየቅ ደህና ነገር ነው የሚነገረው። ለምሳሌ ደካማ ጎኔ አንድ ሥራ ከጀመርኩ ሳልጨርስ አለመነሣቴ ነው ትበል።»

ሁላችንም ልጄን አየናት፤ ከዚያ በበሩ ወደ ውጭ አየን። ጠዋት የጀመረችው ዕቃ ከነሳፋው ደጅ ላይ ተቀምጧል፤ ዝናብ ያጥበዋል።

«ይህማ ውሸት ነው» አልኩ እኔ።

ቀጥሎ «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?» ተባለ። ጎረቤቴ ቀድማ «ኢንሻ አላህ ትበልበት እንጂ ምንም ብትል ያልፋል» አለች። አያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የማያልፍ ጥያቄ ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲውጠው የዛሬ ሳምንት የት እንደምናድር አናውቅም፤ አምስት ዓመት! ገበሬ ክረምቱን ሳይሸኝ በጋውን አያወራም በያቸው።» ተከራያችን እንኳ ይህን ወደደችው። በዚሁ ጸና።

እኔ ግን ልጄን አየኋት። መልስ እንዳላት ያስታውቃል፤ እኛ ፊት ግን መናገር አልፈለገችም። ሌላ አገር፣ ሌላ ቤት እንዳየች ገባኝ። የቀረችውን ትንሽ ቆሎ ወደ እሷ ገፋሁላት።

አያ ሊነሡ ሲሉ «ዋናውን ረሳችሁት» አሉ። «እሺ፣ እንወስድሻለን ቢሏትስ?»

«እሺ ትላለቻ!» አለች ተከራያችን።

«ያኔ ተዋረደች። ሴት ልጅ ተጠይቃ በዚያው ቀን እሺ ከተባለ ሰው ምን ይላል? ቤት አስቸግራ ኖሯል ይላል። ዘመድ ላማክር ትበል። ይሄዳሉ፤ ተመልሰው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ክብር አላት።»

«አያ፣ ይህንንስ በፍጹም! ተመልሰው አይመጡም!» ብላ ተከራያችን ከወንበሯ ተነሣች። ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እኔም ራሴ የተዳርኩት አባቴ «ዘመድ እናማክር» ብሎ፣ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጥተው ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ልጄን ፋታ አልሰጠኋትም። ልብስ ስታሰጣ ከኋላዋ መጥቼ «ስለ ራስሽ ንገሪን!» እላታለሁ። አንድ ጊዜ ደንግጣ ታጥቦ ያለቀውን አንሶላ ጭቃው ላይ ጣለችው። እኔ ራሴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ግን ያን ሳምንት ማንም መጥቶ ቢጠይቀኝ እቀጠር ነበር።

የፈተናው ቀን ዘነበ። «እማ፣ ቅሪ» ብትለኝም እስከ በሩ ሸኘኋት። ጥበቃው አየኝና «እናት፣ እርስዎም ተፈታኝ ነዎት?» አለኝ። «እኔ ዘመድ ነኝ» አልኩት። ሳቀና አስገባኝ፤ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

አግዳሚው ላይ ሌላ ልጅ ነበረች። ከአንበሳሜ በመጀመሪያው መኪና፣ ብቻዋን ነው የመጣችው። የፎገራን ጥቁር ጭቃ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጫማዋ ጫማ መሆኑ ቀርቷል። ከንፈሯ ደርቋል። ስትፈራ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። እንዲህ የሚያደርግ ሰው እኔ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ልጄ ጫማዋን አወለቀችና «አንቺ ቀድመሽ ነው የምትጠሪው፤ ይህን አድርጊ» አለቻት። በልኳ ሆነ። ልጄ ባዶ እግሯን ከአግዳሚው ሥር ደበቀች።

«ምን ይሆን የሚጠይቁን?» አለች የአንበሳሜዋ ልጅ።

ልጄ በዓይኗ ከለከለችኝ። አይቻታለሁ። ግን መልሱ ሳምንት ሙሉ አፌ ላይ ሆኖ ነበር፤ ያቺ ልጅ ደግሞ እናቷ አጠገቧ የለችም። ስለ ራስሽ ሲሉሽ እንዲህ፣ አምስት ዓመት ሲሉሽ እንዲህ እያልኩ ነገርኳት። ፈጣን ናት፤ ሁሉንም አንዴ ሰምታ ያዘችው።

ተጠራች፤ ገባች። ስትወጣ ፊቷ በርቷል።

«እማማ! ክረምቱንና በጋውን አልኳቸው እኮ! ሳቁ! አንደኛው ጻፈው!» ጉንጬን ሳመችኝ። ልጄንም ሳመቻት፤ ጫማውን መለሰችና የራሷን ጭቃ አጥልቃ መኪና እንዳያመልጣት ሮጠች። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ጃንጥላዋን አግዳሚው ላይ ረሳችው። ጠራኋት፤ አልሰማችኝም።

ልጄ ጫማዋን እያጠለቀች ቀና ብላ አየችኝ።

«ጫማዬንስ መለሰችልኝ» አለች። «አሁን እኔ ምን ልበል?»

ወዲያው ስሟን ጠሩ።

ውስጥ የሆነውን በባጃጅ ስንመለስ ነው የነገረችኝ። ጠንካራ ጎንሽ ሲሏት «የራሳችን ሩዝ አልቆ ስንገዛ እናቴ የምትልከው እኔን ነው፤ ሰባራና እርጥብ አያመልጠኝም» አለቻቸው። እውነት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስናወራ ይህ ለማናችንም አልታየንም። ደካማ ጎንሽ ሲሏት ወጥ አቀጥናለሁ አለቻቸው።

«ወየው! ምን አሉ?»

«እዚህ ወጥ የለም አሉኝ።»

«አምስት ዓመቱንስ?»

«እዚሁ ወረታ አልኳቸው። እናቴ ከደጅ ተቀምጣለች፤ ሌላ ቦታ ብል ትሰማኛለች አልኳቸው።»

«እውነትሽን ነው?»

«ለፈተናው ነው ያልኩት» አለችና ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። እኔም ወደ ሌላው ወገን አዞርኩ። በሁለቱም በኩል ሩዝ ነው የሚታየው።

«ከዚያስ? ጨረሱ?»

«ከዚያ ብንቀጥርሽ መቼ ትጀምሪያለሽ አሉኝ።»

«እሺ?»

«እማ፣ ሳላስበው አመለጠኝ። ዘመድ ላማክር አልኳቸው።»

ባጃጁን የሚነዳው ልጅ ሳይቀር ዞሮ አያት።

ተከራያችን ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ጎረቤቴ «አላህ ያውቃል» አለች፤ እሷ ይህን ስትል ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። አያ ግን በስልክ «ደግ አደረገች! ይመለሳሉ!» ብለው ጮኹ።

አልተመለሱም። ሳምንት አለፈ፤ ሌላም ተጀመረ። ልጄ ልብሷን እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ታደርግ ጀመር። እኔ አጥባቸዋለሁ እያልኩ አወጣቸዋለሁ፤ እሷ ደግሞ ሲደርቁ ታስገባቸዋለች። ዝናቡ እየቀነሰ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ይደርቁ ጀመር። መስቀል ቀረበ።

አንድ ቀን ልብስ እየጨመቅሁ አሰብኩ። ልጄ ዘመድ ላማክር ብላለች። ሰዎቹም እሺ ብለው እየጠበቁ ቢሆንስ? ዘመድ መልስ አልሰጠም። ነገሩን ያቆመው ማነው? እኛ ነን እኮ! እጄን ጠርጌ ወደ ይፋግ ደወልኩ።

አያ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ለልጄ ሳንነግር ሄድን። ጥበቃው «ዛሬ ፈተና የለም፣ እናት» አለ። «ሽማግሌ ይዤ ነው የመጣሁት» ስለው መንገድ ለቀቀ።

ኃላፊው ከሌላ ዞን የመጣ ወጣት ነው። አያን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። «ይቀመጡ» ቢላቸው እምቢ አሉ፤ ጉዳይ ሳይነገር አይቀመጥም። በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዘመድ ተማክሯል» አሉ። «ልጃችንን ፈቅደናል።»

ኃላፊው እኔን አየ፤ እሳቸውን አየ። «አባቴ፣ ለማን ነው የፈቀዱት?»

«ለሩዙ።»

እኔ ነገሩን ዘርዝሬ ስነግረው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «ቤተሰብ ታማክር ብለን እኮ ጊዜ ሰጥተናት ነው! አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። ዝም ስትል ሥራውን አልፈለገችውም ብለን ነገ ለሁለተኛዋ ልንደውል ነበር።»

አያ ያን ጊዜ ተቀመጡ። «ይመለሳሉ ብያችሁ ነበር» አሉኝ።

«አያ፣ የተመለስነው እኛ ነን።»

«ያው ነው።»

እኔ ተመስገን ልል አፌን ከፍቼ፣ ሳላስበው «ሁለተኛዋ ማን ናት?» አልኩ።

«ከአንበሳሜ የመጣች ልጅ ናት። ጨዋታ አዋቂ። ገበሬ ክረምቱን ሳይሸኝ ያለችው አሁንም ድረስ ያስቀኛል።»

ልጄ ሥራ ጀመረች። ሻንጣው ባዶውን ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ወጡ አሁንም ቀጭን ነው። ምሳ ላምጣልሽ ስላት «እማ፣ በሩ ላይ እንዳትቆሚብኝ» ትለኛለች፤ እኔም አልቆምም፤ ትንሽ ራቅ ብዬ ነው የምቆመው። ባለቤቴ ከእርሻ ሲመለስ ሁሉን ነገርኩት። ብዙ አሰበና «ያቺኛዋስ?» አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ቢናገር እንዲህ ያለ ነገር ነው።

የአንበሳሜዋ ልጅ ጃንጥላ ከበራችን በስተኋላ ተሰቅሏል። አረንጓዴ ነው፤ አንዱ ዘንጉ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ልጄ ስልክ ቁጥሯን አልተቀበለቻትም። ኃላፊውንም ብጠይቀው የሰው ስልክ አንሰጥም አለኝ፤ ልክ ነው። ወደ አንበሳሜ ገበያ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ እስካሁን የሚያውቃት አልተገኘም። መልሴን ይዛ ሁለተኛ መውጣቷን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ደስ ማለቱ ራሱ ያስጨንቀኛል።

እናንተ አንበሳሜ ያላችሁ፣ ወይም ወደዚያ የምትሄዱ፣ ስትፈራም ስትስቅም አፏን በመዳፏ የምትሸፍን፣ በነሐሴ ወረታ መጥታ የተፈተነች ልጅ የምታውቁ ከሆነ፣ ሥራ አግኝታ እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።